ማን ቤት ነው የምናድረው?

‹‹ማን ቤት ነው የምናድረው?››

እናቴ ይህን የጠየቀችኝ ጥር 2012 ላይ ነው። አርባ ምንጭ ሄደን አንድ ሌሊት እናድራለን ብያት ነበር። ጥያቄዋ ቀልድ እንዳይመስላችሁ! ገሱባ ተወልዶ ላደገ ሰው መንገድ መሄድ ማለት ዘመድ ቤት መሄድ ማለት ነው። ሶዶ ከሆነ አክስት አለች፤ አዲስ አበባ ከሆነ የጎረቤት ልጅ ይፈለጋል፤ ሻሸመኔ ላይ ቢመሽባችሁ እንኳ የአንድ ሰው አማች አይጠፋም። አርባ ምንጭ ግን ማንም የለንም።

‹‹ሆቴል ነዋ!›› አልኳት። በጋዜጠኝነት ከተመረቅኩ ገና መንፈቅ ሆኖኛል፣ የመጀመሪያ ደመወዜ ኪሴ ውስጥ ነው። ኩራቴን አስቡት።

ዝም አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ‹‹ማን ታሞ?›› አለችኝ።

ነገሩን ላስረዳችሁ። በእኛ አካባቢ ሰው ለአዳር ገንዘብ የሚከፍለው ሁለት ነገር ሲገጥመው ነው፤ ወይ ክስ አለበት፣ ወይ በሽተኛ ያስታምማል። አልጋ መከራየት ከችግር ጋር ነው የሚነሣው። በደህና ቀን፣ በጤና፣ ሐይቅ ለማየት ብሎ አልጋ የሚይዝ ፈረንጅ ነው። (ወይም የመንግሥት ሠራተኛ፣ እሱም አበል ካለው።)

እኔ ግን የምወስዳት ዝም ብሎ ሆቴል አልነበረም። በቀለ ሞላ ነበር።

የስምጥ ሸለቆን መንገድ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ስም ያውቀዋል። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ ሻሸመኔ፣ አርባ ምንጭ… መንገዱን ይዛችሁ ስትወርዱ ስሙ ሐይቅ ሐይቁን ተከትሎ ይመጣ ነበር። በንጉሡ ዘመን አንድ ሰው ስሙን በመንገድ ዳር ተከለ፣ ከዚያ ስሙ ራሱ ‹‹ሆቴል›› የሚል ትርጉም ሊይዝ ምንም አልቀረው። የአርባ ምንጩ ላይኛው ከተማ ሼቻ ገደል አፋፍ ላይ ነው። እታች አባያና ጫሞ ተዘርግተዋል፤ በመሐላቸው ደግሞ የእግዜር ድልድይ የሚባለው የመሬት ጠባብ ወገብ አለ።

ይህን ሁሉ የማውቀው ከአባቴ ነው። በልጅነቱ ሙዝ በሚጭን አይሱዙ ላይ ረዳት ነበር። አንድ ቀን ሾፌሩ በቀለ ሞላ በረንዳ ላይ አስቀምጦ ሻይ ጋበዘው። ያችን ሻይ ዕድሜውን ሙሉ ጠጣት ብል አላጋነንኩም። ‹‹ሁለት ሐይቅ ጎን ለጎን፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ! አይቀላቀሉም!›› ይላል። እናቴ ታዲያ አታምነውም። አባቴ ወሬ ሲያወራ ትንሽ ጨው የሚጨምር ሰው ነበር፤ እሷ ደግሞ ገበያ ውላ የምትገባ ሴት ናት፣ ሚዛን ታውቃለች። ‹‹ውሃ ውሃ ነው፣ ምን ቀይ አለው?›› ትለዋለች። ‹‹እወስድሻለሁ፣ ታያለሽ!›› ይላታል። ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ ሞተ። አልወሰዳትም።

ከሶዶ በጠዋት እንነሣ ብል፣ እናቴ ለ‹‹ባለቤቶቹ›› ዳጣ ሳላዘጋጅ ባዶ እጄን አልሄድም ብላ ከሰዓት ሆነ። በሁምቦ ወርደን፣ አባያን በግራችን እያየን፣ የምዕራብ አባያንና የላንቴን ሙዝ አልፈን ስንገባ ፀሐይ ከጋሞ ተራሮች ጀርባ ገብታለች።

እንግዳ መቀበያው ላይ አንድ ወጣት ቆሟል። እናቴ በወላይትኛ ‹‹ሳሮ›› አለችው። በጋሞኛ መለሰላት። እሷ በራሷ፣ እሱ በራሱ፣ ወሬው ቀጠለ። እኔ መታወቂያዬን ይዤ ቆሜያለሁ፣ የሚያየኝ የለም። በ1992 ‹‹ወጋጎዳ›› ተብሎ እነዚህን ቋንቋዎች በአንድ መጽሐፍ ለማዋሐድ ሲሞከር ሶዶ ላይ የሰው ሕይወት የጠፋበት ተቃውሞ ተነሥቶ ነበር። እዚህ ያለ መጽሐፍ፣ ያለ ኮሚቴ፣ ሁለት ሰዎች ስለ ዝናብና ስለ ቅቤ ዋጋ እየተግባቡ ነው። ዳጣውንም ሰጠችው። ‹‹ባለቤቱ የት ነው?›› አለችው፤ ‹‹እኔ አለሁ እማማ›› አላት። ይበቃታል።

በረንዳው ላይ ወጣን። እታች ጨለማው ቀድሞ ወርዷል፤ ሁለቱም ሐይቆች አመድ መስለው ተኝተዋል። እናቴ ነጠላዋን ሰብስባ አየች፣ አየች…

‹‹ይኸው፣ አንድ ቀለም ነው›› አለች። ‹‹አባትሽ ዋሽቷል።››

የዓሣ ጉላሹን እንዴት እንደበላሁት አላውቅም።

ሌሊት ነቃሁ። እናቴ አልጋው ላይ የለችም። ወለሉ ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች።

‹‹እማዬ፣ ምነው?››

‹‹ልምድ ነው።››

ከዚያ ነገረችኝ። አባቴ ሶዶ ሆስፒታል የተኛ ጊዜ፣ ማታ ማታ አስታማሚ ውጡ ሲባል፣ በአካባቢው አልጋ ተከራይታ ነበር። ሦስት ሌሊት። ሦስቱንም አልተኛችበትም። ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ግድግዳ ተደግፋ፣ በሩን እያየች አነጋች። ‹‹ብተኛ የሚጠሩኝ መሰለኝ፤ ባልተኛስ ምን አመጣሁ?›› አለች። በሦስተኛው ሌሊት ጠሯት። የአልጋው አንሶላ እንደተወጠረ ነበር። ለሦስቱም ቀን ከፍላ ወጣች።

ይህን አላውቅም ነበር። የሰው ታሪክ እንዴት እንደሚጠየቅ አራት ዓመት ተምሬ፣ ለቃለ መጠይቅ ማይክ ይዤ የማላውቀው ሰው በር ሳንኳኳ፣ እናቴን ‹‹ያን ጊዜ የት አደርሽ?›› ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። እኔም ወርጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ብርድ ልብሱን አወረድነው። በየትኛው ሰዓት እንቅልፍ እንደወሰዳት አላየሁም፤ እኔ ቀድሜያታለሁ።

ጠዋት በረንዳው ላይ የወፍ ጫጫታ ነው። ፀሐይዋ ከሐይቆቹ በኩል ስለምትወጣ መጀመሪያ የሚታየው ብልጭታ ብቻ ነው። ሻይ አዘዝን። ደገምን። ሦስት ሰዓት ገደማ ፀሐይዋ ከፍ ስትል፣ ቀስ እያለ፣ በግራ ያለው አባያ የሸክላ ቀለም አወጣ። በቀኝ በኩል ጫሞ ሰማያዊ ሆነ። በመሐል ጫካ የለበሰው ድልድይ።

እናቴ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ረጅም ጊዜ ምንም አላለችም።

እኔ ደግሞ ዝምታ አልችልም፣ ማስረዳት ጀመርኩ። አባያ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ትልቁ ነው፤ ቦቴጎ የሚባል ጣሊያናዊ በ1896 (በፈረንጅ) ሲደርስበት በንግሥቱ ስም ማርጋሪታ ብሎት በካርታ ላይ ስሙ ለብዙ ዘመን እንደዚያ ቀርቶ ነበር፤ ቀለሙን የሚያመጣው ወንዞች የሚያስገቡት ደለል ነው፤ ከሰሜን የሚገባው ብላቴ የምሥራቅ ወላይታን አፈር ይዞ ይወርዳል…

‹‹ቆይ›› አለች። ‹‹ያ ቀዩ የእኛ አፈር ነው?››

‹‹በከፊል አዎ።››

‹‹እንዲህ ታርሶ ታርሶ ውሃ ውስጥ?›› አፏን በነጠላዋ ያዘች። አባቷ አራሽ ነበሩ። እኔ ውበት ያየሁበት ቦታ እሷ የተወሰደ ማሳ አየች። እውነቷንም ነው፤ ለምቶ ቢሆን ኖሮ ውሃው ይህን ያህል ባልቀላ።

ከዚያ ደግሞ ሳቀች። ‹‹ይህ ሰውዬ ግን…›› አለች፣ ጭንቅላቷን እየነቀነቀች። ‹‹ይህ ሰውዬ።››

አንድ ጊዜ ስዊድን ውስጥ ማሪፍሬድ ስለምትባል ትንሽ ከተማ አንብቤያለሁ። ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ፣ በሜላረን ሐይቅ ዳር፣ በ1609 የተጀመረ የእንግዳ ማደሪያ አለ። በዚያ ሚዛን በቀለ ሞላ ገና ጡት ያልጣለ ሕፃን ነው። ሲያዩት ግን እኛ እንግዳ ማሳደር ያንሰን የነበረ ይመስላል። እኛ ጋ እንግዳ የሚያድረው ከከብቶቹና ከልጆቹ ጋር፣ በዋናው ቤት ነው፤ ሒሳብም አይጠየቅም። ይህን ለፈረንጅ አንባቢ ማስረዳት ሳይቀል አይቀርም። ለእናቴ የተገላቢጦሹን ማስረዳት ነው ያቃተኝ፤ ማለትም ከፍለሽ ማደር ነውር አይደለም፣ ማንንም አላስቸገርሽም የሚለውን።

ልንወጣ ስንል ክፍሉን ስታጸዳ አገኘኋት። አንሶላውን አጥፋለች፣ ወለሉን በእጇ ለቅማለች። ‹‹ተዪው፣ የሚሠራው ሰው አለ!›› ብል፣ ‹‹ተኝቼበት ትቼው ልሂድ?›› አለችኝ። ትንሿን ሳሙና ግን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታለች። ከዚያ ወጣቱን አስጠርታ፣ እጇን ዘርግታ፣ እንደ አገሯ ወግ መረቀችው። ቤቱ ይሙላ፣ እሳቱ አይጥፋ አለችው። ሰውዬው ደረሰኝ እንደያዘ አንገቱን ደፍቶ ተመረቀ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ላይ አጠገቧ አንዲት የሁምቦ ሴት ተቀምጣለች። እኔ መስኮቱን ተደግፌ ዓይኔን ጨፍኛለሁ። እናቴ የት እንደዋለች ትነግራታለች።

‹‹ሦስት ቀለም ነው›› ስትል ሰማኋት። ‹‹ቀይ፣ ሰማያዊ… ድልድዩ ጋ ደግሞ ወርቅ።››

ሴትየዋ አላመነቻትም።