ቀጋ የማይወርድበት ከተማ

ስለ ጥንታዊ ጽጌረዳ ለማውራት አሶሳ የመጨረሻዋ ከተማ ትመስላለች። የአገራችን የዱር ጽጌረዳ ቀጋ ደገኛ ነው፤ ከ1,900 ሜትር በታች እምብዛም አይወርድም፣ አሶሳ ደግሞ 1,500ውን ብታልፍ በጥቂቱ ነው። ግን እንዲህ ራቅ ብለው ሲያዩት ነው «የጥንት የኛ» የምንለው የሚመረመረው። ከስሙ እንጀምር፦ ጽጌ በግእዝ አበባ ነው፤ ረዳ ግን የግሪኩ ሮዶን ነው። ግማሹ ስም ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው።

አበባዋስ? የአውሮፓ አትክልተኞች «የአቢሲኒያ ቅዱስ ጽጌረዳ» የሚሏት አለች፤ አጭር ቁጥቋጦ፣ ፈዘዝ ያለ ሮዝ፣ አምስት የአበባ ቅጠል ብቻ ያላት፣ በዓመት አንዴ የምታብብ። ፈረንሳዊው የዕፅዋት ተመራማሪ አሺል ሪሻር በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ በትግራይ አብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ተተክላ የተገኘችውን «ሮዛ ሳንክታ» ብሎ ሰየማት። ስሙ ቀድሞ ለሌላ ተሰጥቶ ኖሮ ኋላ ተሻረና በራሱ በሪሻር ስም ተጠራች፤ ቅድስናው ተነሥቶ ፈረንሳዊው ገባ። እንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት ፍሊንደርስ ፔትሪ በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ግብፅ ሐዋራ ከሮማውያን ዘመን መቃብር ያወጣው የደረቀ ጉንጉንም የእርሷ ነው ተባለ። ከዚያ የአክሱም የመጀመሪያው ጳጳስ ፍሬምናጦስ ከጢሮስ ይዟት መጣ የሚሉ ተነሡ። ደስ የሚል ግምት ነው፤ ነገር ግን ሰውዬው ከጢሮስ መምጣቱ ችግኝ ተሸክሞ መምጣቱን አያስረዳም። የሚታመነው ነገር ሌላ ነው፦ አንዱ ወላጇ ጋሊካ የተባለው ጽጌረዳ ነው፣ እርሱም በአገራችን ዱር አይበቅልም። ዲቃላ ናት ማለት ነው።

«ቤተ ክርስቲያን ያቆየቻትን እንግዳ ማለት ነውር ነው» የሚል ይኖራል። እውነቱን ነው። በርበሬስ ከአሜሪካ መጥቶ ማን እንግዳ ይለዋል? አበባን ነባር የሚያደርገው የተወለደበት ሳይሆን ያቆየው እጅ ነው። በዚህ ሚዛን የሚወድቀው፣ የሚያሳዝነው፣ ባላገሩ ቀጋ ነው፤ ነጭ አበባውን እያየን እሾሁን ለአጥር፣ ቀይ ፍሬውን ለእረኞች ተውነው እንጂ አላለማነውም።

በዚሁ ሚዛን የአሶሳ ነባር አበባ ከርከዴ ነው፤ ስሙንም መጠጡንም ከሱዳን ጋር የምትጋራው። ጽጌረዳ አይደለም የሚለኝ ካለ ልክ ነው፣ ዘመዶቹ ጥጥና ባሚያ ናቸው። መጠጡን የሚያቀላውም አበባው አይደለም። አበባው ገርጣ ያለ፣ መሐሉ የጠቆረ ነው፤ በአንድ ቀን ይጠወልጋል። እሱ ከረገፈ በኋላ ነው ፍሬውን ያቀፈው ሽፋን ወፍሮ የሚቀላው፤ ደርቆ የሚፈላውም እሱ ነው።