እግር የሚያውቀው መንገድ

በክፍለ ሀገር ከተማ ያደገ ሰው ብስክሌት የለመደው ባብዛኛው በኪራይ ነው። ልጁ ሳንቲሙን ይሰጣል፤ አከራዩ ሰዓቱን ያያል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሩጫ ነው። ጊዜው እንዳያልቅበት ሜዳ ሜዳውን ይመርጣል። በገንዘቡ ዳገት የሚገፋ ልጅ አላየሁም። ብስክሌትን የሜዳ ዕቃ አድርገን የቀረነው በዚህ ይመስለኛል። ብስክሌት ሲነሳ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ይታወሱናል። አምቦ ሲነሳ ግን ትዝ የሚለን የውሃው ጠርሙስ ነው።

እኔ በዚህ አልስማማም። ብስክሌት የዳገት ነው እላለሁ። ማስረጃዬም ከአዲስ አበባ ተነስቶ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለም፣ በጊንጪ አድርጎ አምቦ የሚገባው፣ ከዚያም አልፎ ወደ ጉደርና ወደ ወንጪ የሚሰነጠቀው መንገድ ነው።

አዲስ አበባና አምቦ ወደ 120 ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ። በአባዱላ ሚኒባስ የሚሄድ ሰው ቡራዩ ላይ ከጎረቤቱ ጋር ስለ ኑሮ ውድነት ያወራል፣ ሆለታ ላይ ያንቀላፋል፣ ጊንጪ ላይ በቆሎ ሻጮች ይቀሰቅሱታል፣ ከዚያ ደረሰ። አገሩ ረባዳ ይሁን ተራራ ቢጠየቅ መልስ የለውም፤ ሞተሩ ዳገቱን ሁሉ ውጦለታል። ከብስክሌተኛ ግን አገሩ አይደበቅም። ገፈርሳን አልፎ የወጨጫ ተራራ በግራው ሲቆም፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ፣ አስፋልቱ የት ላይ ሳይታይ ሽቅብ እንደሚሆን ጉልበቱ ይነግረዋል።

ዛፉንም እንዲሁ። በወጨጫ ጉያ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን ጽድ፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከመንዝ ወገን፣ ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው ያስተከሉት እንደሆነ ይተረካል። ወረድ ሲባል መንገዱን የሚያጅበው ባሕር ዛፍ ነው፤ ይህ ደግሞ የዳግማዊ ምኒልክ ዘመን እንግዳ ነው። አዲስ አበባ የማገዶ እንጨት ጨርሳ ስትቸገር ንጉሠ ነገሥቱ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር። ቤተ መንግሥቱም ተጀምሮ ነበር። ኋላ ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ለከተማዪቱ ደረሰላትና ዝውውሩ ቀረ፤ ለቤተ መንግሥት የታሰበውም የአዲስ ዓለም ማርያም ሆነ። ይህን ታሪክ በመጽሐፍ ያነበበ ብዙ ነው። ብስክሌተኛ ግን በቆዳው ያነበዋል። ባሕር ዛፍ ሥር ሲያልፍ ጥላው ስስ ነው፣ መሬቱ ደረቅ ነው፣ ላቡ አይቀዘቅዝለትም። ጽድና ወይራ ካለበት ሲደርስ አየሩ ባንዴ ይበርዳል፤ የረጠበ ቅጠል ይሸታል፤ የለበሰውን ሹራብ እስከ አንገቱ ይዘጋል። አገር በቀል ደን ለምን ይጠበቅ ብሎ የሚከራከር ሰው ቢያጋጥመኝ ንግግር አላበዛበትም፤ ብስክሌት አውሰዋለሁ።

ጊንጪ ጥቁር አፈር፣ የጤፍ አገር ናት። እዚህ ጎማ ቢተነፍስ አይከፋም። ጎሚስታው ካላማዳሪያውን ከውሃ ሳህኑ ውስጥ ነክሮ አረፋውን እስኪያገኝ ድረስ የከተማውን ወሬ ሁሉ ያካፍላል። ከከተማዋ በስተሰሜን የጭሊሞ ደን አለ፤ ጽድ፣ ዝግባና ወይራ የሚበዙበት፣ በማዕከላዊው ደጋ ከቀሩት ጥቂት የተፈጥሮ ደኖች አንዱ ነው። ደኑን ነዋሪው ከመንግሥት ጋር ሆኖ እንዲያስተዳድር የሚያደርገው አሠራር በአገራችን ቀድሞ ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዱም እሱ ነው። በኅዳር 2008 ዓ.ም. የጊንጪ ተማሪዎች አደባባይ የወጡት ደናችንና የኳስ ሜዳችን ለባለሀብት ሊሰጥ ነው ብለው ነበር፤ ያ ተቃውሞ የት እንደደረሰ አንባቢ ያውቃል። በዚህ አካባቢ ዛፍ ጌጥ አይደለም።

ከጊንጪ ወዲያ መንገዱ እንደገና ሽቅብ ይላል። እዚያ ላይ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው አህዮቻቸውን እየነዱ ሲወጡ አገኘኋቸው። ፍጥነታችን አንድ ስለነበረ ጨዋታ ያዝን።

«ልጄ፣ መኪና ጠፋ እንዴ?» አሉኝ።

«ኧረ ሞልቷል አባቴ፤ ወድጄ ነው።»

ዝም ብለው ጥቂት ሄዱ። ብስክሌቱን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ እጃቸውን ወደ ጋቢያቸው ውስጥ ሰደዱ። «ካጣህ አትፈር። እስከ አምቦ እኔ ላሳፍርህ» አሉ።

አመስግኜ እንቢ ብል አላመኑኝም። አልፈርድባቸውም። በእኛ አገር ዳገት ወዶ የሚወጣ ወይ ተሳላሚ ነው ወይ የቸገረው። ለደስታው ብሎ የሚወጣ ሦስተኛ ዓይነት ሰው ገና አልተመዘገበም።

ከሽማግሌው ጋር የተለያየንበት ዳገት ተራ ዳገት አይደለም። ከጊንጪ ወገን የወረደ ዝናብ ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽ የሚነሳው ከዚሁ ከደንዲና ከጊንጪ ከፍታ ነው፤ ቆቃን አልፎ፣ አፋርን አቋርጦ፣ ባሕር ሳያይ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ከሸንተረሩ ወዲያ፣ በአምቦ ወገን የወረደው ግን በጉደር ወንዝ አድርጎ ዓባይ ይገባል፤ ሱዳንንና ግብፅን አይቶ ሜዲትራኒያን ይደርሳል። በአንድ ጀንበር ከአንድ ደመና የወረዱ ሁለት ጠብታዎች ዕጣቸው የሚለየው እዚህ ነው። በአባዱላ ለሚያልፈው ይህ ቦታ ስም የለውም። ብስክሌተኛ ፔዳሉ ሲከብደው አዋሽን ሊሰናበት እንደሆነ፣ ካቴናው ሲላላና ጆሮው በነፋስ ሲሞላ ደግሞ የዓባይ ልጅ እንደሆነ ያውቃል።

ከዚያ አምቦ ነው። ቀድሞ «ሀገረ ሕይወት» ያሰኛት ፍል ውሃዋ ነው፤ የታሸገ ውሃዋን አገሩ ሁሉ ይጠጣዋል። ደክሞ ለገባ ሰው አምቦ ላይ የሚጠጣ አምቦ ዋጋው ሌላ ነው። ወደ ምዕራብ የሚወርድ በ12 ኪሎ ሜትር ጉደር ይደርሳል፤ ከጉደር ወደ ጌዶ የሚቀጥል ደግሞ ያወረደውን ሁሉ መልሶ ይወጣዋል። ዋናው ግን ወደ ደቡብ ያለው ነው፤ የወንጪ ዳገት። አምቦ ያለችው ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የወንጪ እሳተ ገሞራ ከንፈር ከ3,000 ይበልጣል። በ30 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ወይና ደጋው ይቀራል፤ ጤፍ ለገብስ፣ ገብስም ለእንሰት ስፍራ ይለቃል፤ ከሥር ሐይቁና የቂርቆስ ገዳም ያለባት ደሴት ይታያሉ።

በዚህ ዳገት ላይ ክብር አይገኝም። የመጨረሻውን ካምቢዮ አስገብቼ እያቃሰትኩ ስወጣ ከጎኔ አንድ የትምህርት ቤት ልጅ መሮጥ ጀመረ። በአንድ እጁ ደብተሩን፣ በሌላው የላስቲክ ጫማዎቹን ይዟል። ጫማውን ያወለቀው እንዳያልቅበት ነው። እኔ መናገር አቅቶኝ ሳለ እሱ ስሜን፣ ሥራዬን፣ የብስክሌቱን ዋጋ፣ ልጅ ይኑረኝ አይኑረኝ ጠየቀኝ። መታጠፊያው ላይ ሰልችቶት ትቶኝ ሄደ።

ይህ ልጅ ነው ይህን ወግ ያስጻፈኝ። የአውሮፓ ብስክሌተኞች ደማቸው እንዲበረታ ብለው ብዙ ገንዘብ ከፍለው በስፔን የቴይዴ ተራራ ላይ፣ 2,100 ሜትር አካባቢ ላይ ሳምንታት ያድራሉ። አምቦ ላይ ሰው በዚያ ከፍታ በነፃ ይወለዳል። በቱር ደ ፍራንስ ታሪክ ውድድሩ የወጣበት ከፍተኛው መንገድ፣ የቦኔት ጫፍ፣ 2,802 ሜትር ነው፤ ወንጪ ከዚያ ይበልጣል። በባርሴሎና ኦሊምፒክ በ5,000 ሜትር ነሐስ ያመጣው ፊጣ ባይሳ የአምቦ ልጅ ነው፤ በሪዮ በማራቶን ብር ያመጣው ፈይሳ ሌሊሳ ከዚሁ አካባቢ፣ ከጀልዱ የወጣ ነው። ሳንባው እንዳለ ተመስክሯል።

ብስክሌቱም ቢሆን ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን አገራችን በመጀመሪያው የኦሊምፒክ ተሳትፎዋ ብስክሌተኞች አሰልፋለች፤ ገረመው ደንቦባም በጎዳናው ውድድር 24ኛ ወጥቷል። የመቀሌው ፅጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ጎረቤታችን ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በ2016 ዓ.ም. በዚያው ውድድር ሦስት የዕለት ውድድሮችን አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ ለበሰ። በመስከረም 2018 የዓለም ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ ላይ፣ በኪጋሊ ተካሄደ። ኪጋሊም የኮረብታ ከተማ ናት፤ ዳገቷን አልደበቀችም፣ ለዓለም ሸጠችው እንጂ።

ታዲያ እኛ ዘንድ ምን ጎደለ? በዚህ ጎዳና ብስክሌተኛ የሚሄድበት ጠርዝ ባብዛኛው ወይ የለም ወይ ኮረኮንች ሆኗል። ሲኖትራክ ከኋላ ክላክሱን ሲነፋ ያለው ምርጫ ወደ ቦዩ መውረድ ነው። ሰላም ሲደፈርስ ደግሞ፣ እንዳለፉት ዓመታት፣ ከመንገደኛ ሁሉ አስቀድሞ ቤቱ የሚቀረው ብስክሌተኛ ነው። አዲስ አበባ በኮሪደር ልማቷ የብስክሌት መስመር መሥራት ጀምራለች፤ ያ መስመር ግን ከከተማው አይወጣም። ዳገቱ ያለው ደግሞ ከከተማ ውጭ ነው።

ብዙ አልጠይቅም። መንገድ የሚያድሱ ሰዎች የአምቦን መንገድ ሲያድሱ ግራና ቀኙን አንድ ሜትር ተኩል አስፋልት ይጨምሩበት፤ ብስክሌተኛ ባይኖር እንኳ ለእግረኛው፣ ለጋሪውና ለአህያው ይተርፋል። ሾፌሮች ሲያልፉ ራቅ ብለው ይለፉ። በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ያሉ የስፖርት ጽሕፈት ቤቶች ለልጆች ጥቂት ብስክሌት ገዝተው ያን ጫማውን በእጁ ይዞ የሚሮጥ ልጅ ይሞክሩት። አንባቢ ሆይ፣ አንተም ክረምቱ ወጥቶ አደይ ሲፈነዳ፣ መንገዱም ሰላም ሲሆን፣ አምቦን በመስኮት አትያት። በእግርህ ሂድባት።