ፀሐይ በስንት ቁልፍ ትጻፋለች?

ጎረቤቴ ጋሼ ዕድሜ ልካቸውን ታሪክ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ልጃቸው ከውጭ የላከችላቸው ላፕቶፕ አርጅቷል። ራሙ 2 ጊጋ ባይት ብቻ ነው፤ ሲከፈት ከአቦል እስከ ቶና ያስጠብቃል። ይዘውት መጡና «ልጄ፣ እስቲ ነፍስ ዝራበት፤ ትዝታዬን ልጽፍበት ነው» አሉኝ። ሉቡንቱ ጫንኩበት፤ ለአሮጌ ማሽን የማይከብድ ሊኑክስ ነው። ሥራው አለቀ ብዬ ልነሣ ስል ጋሼ ወንበራቸውን አስጠጉ። «አሁን አማርኛና እንግሊዝኛ እያፈራረቅኩ እንድጽፍ አድርግልኝ። ትግርኛም ጨምርበት፤ መቀሌ ያስተማርኳቸው ልጆች እስከ ዛሬ ይጽፉልኛል።»

እነዚህን ማስታወሻዎች ያስጻፈኝ ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት ነው።

*

በሊኑክስ የኪቦርድ ሰሌዳዎች ዝርዝር ውስጥ አማርኛን ፈልጎ «ኤኤም» የሚለውን የመረጠ ሰው አርመንኛ ይመጣበታል። ዓለም አቀፉ የቋንቋ ኮድ ለአማርኛ «ኤኤም»ን ሰጥቷል፤ የአገር ኮዱ ግን ያንኑ ለአርሜኒያ ሰጥቶታል። ሰሌዳዎቹ የተሰየሙት በአገር ስለሆነ የእኛው «ኢቲ» ነው። «ኢቲ» ደግሞ በቋንቋ ኮድ ኢስቶኒያኛ ነው። የአርመን ፊደል ከሩቅ ሲያዩት የእኛን ስለሚመስል፣ የተሳሳተ ሰሌዳ መርጦ «ፎንቱ ተበላሽቶብኛል» ብሎ የመጣ ልጅ አጋጥሞኛል። ፎንቱ ደህና ነበር።

*

ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ቦታ ግን ሌላ ነው። ሰሌዳ መምረጥ ማለት ይህ ቁልፍ ሲነካ ይህ ፊደል ይውጣ ማለት ብቻ ነው። ለእንግሊዝኛ ይበቃል፤ ፊደሉ 26 ነው። ለሩሲያኛም ለዐረብኛም ይበቃል። የእኛ 33ቱ ፊደላት በሰባቱ ቤት ሲባዙ 231 ናቸው፤ ያውም ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ። ኪቦርዱ ላይ ፊደልና ምልክት የሚያወጡት ቁልፎች ደግሞ ሃምሳ አይሞሉም።

ስለዚህ ወደ ኋላ የሚያይ፣ መጻፊያ የምለው ሌላ ፕሮግራም ያስፈልጋል። የኤስ ቁልፍ ሲነካ «ስ» ይወጣል፤ ቀጥሎ የኢ ቁልፍ ሲነካ ያ «ስ» ተመልሶ «ሰ» ይሆናል። ሰሌዳ ቀድሞ የተነካውን አያስታውስም፤ ይሄኛው ያስታውሳል። ጋሼ ላፕቶፕ ላይ ይህን እንዲሠራ ያደረግኩት አይባስን ነው። የአማርኛውን ሕግ የሚያቀብለው ደግሞ ኤም17ኤን የሚባለው የብዙ ቋንቋዎች ስብስብ ነው። ሕጉ ራሱ መነሻው ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ግዕዝን በላቲን ፊደላት ለመወከል ያዘጋጁት ሥርዓት ነው። ያኔ ኢሜይል ፊደላችንን መሸከም አይችልም ነበርና ሰው እንዲጻጻፍ አንድ የጋራ ስምምነት አስፈልጎ ነበር። ችግሩ አለፈ፤ ስምምነቱ ግን ጣታችን ላይ ቀረ።

ከተጫነ በኋላ ያለው ነገር ነው ሰው ተስፋ የሚያስቆርጠው። ትጭናለህ፣ አማርኛን ትጨምራለህ፣ ትጽፋለህ፤ እንግሊዝኛ ይወጣል። መጻፊያው ሥራ የሚጀምረው ከሥርዓቱ ወጥተህ እንደገና ስትገባ ነው፤ ይህን የነገረህ ግን የለም። ወጥተህ ገባህ እንበል። አሁን በአንዱ ፕሮግራም አማርኛ ይጽፋል፣ በሌላው አይጽፍም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ፕሮግራሞቹ ጂቲኬና ኪዩት በሚባሉ ሁለት የተለያዩ መሣሪያዎች የተሠሩ ናቸው፤ መጻፊያው አይባስ መሆኑ ለሁለቱም ለየብቻ ሊነገራቸው ይገባል። ሁለት መስመር ነው። እነዚያን ሁለት መስመሮች ባለማወቅ «ሊኑክስ አማርኛ አይጽፍም» ብለው የተመለሱ ሰዎች አውቃለሁ፤ በዚህ በጣም አዝናለሁ። የሚያስቆጨው ደግሞ ጂቲኬ በ2ኛውና በ3ኛው ትውልዱ የአማርኛና የትግርኛ መጻፊያ አብሮት ይመጣ የነበረ መሆኑ ነው። ፊደላችን ቤቱ ውስጥ ነበር፤ ሰው ግን ደጅ ቆሞ ያንኳኳል።

*

ቋንቋ የሚያቀያይረው ቁልፍ የትኛው ይሁን? አንዳንዱ ኮንትሮልና ስፔስ ይመርጣል፣ አንዳንዱ አልትና ሺፍት። ጋሼ ሁለት ቁልፍ በአንድ ጊዜ መጫን ጣታቸው እሺ አላላቸውም፤ ሪህ አለባቸው። ካፕስ ሎክን ሰጠኋቸው።

አሁን ለሁሉም ሰው እንዲሁ አደርጋለሁ። አማርኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለውም፤ በዚህ መጻፊያ ግን ትንሹ ቲ «ት»፣ ትልቁ ቲ «ጥ» ነው። ካፕስ ሎክ ሳይታወቅ በርቶ ከቀረ «ተራራ» ብሎ ሊጽፍ የተነሣ ሰው በ«ጥ» ይጀምራል። ለአማርኛ ጸሐፊ ጥቅም የሌለው፣ ጉዳት ግን የሚያመጣ ቁልፍ ነው። ቦታው ደግሞ ለግራ እጅ ትንሿ ጣት የተመቸ ነው። ከዚህ የተሻለ ሥራ ሊሰጠው አይችልም።

*

የይለፍ ቃል ሲጻፍ የሚታየው ነጥብ እንጂ ፊደል አይደለም፤ በየትኛው ቋንቋ እየጻፉ እንደሆነ አይታይም። ስለዚህ እንግሊዝኛው በዝርዝሩ ውስጥ አንደኛ ይሁን፤ ማሽኑ ሲከፈት የሚጀምረው ከአንደኛው ነው። ይህን ሳላደርግ ቀርቼ ጋሼን አንድ ሙሉ ጠዋት ከራሳቸው ላፕቶፕ ደጅ አስቁሜያቸዋለሁ።

*

«ፀሐይ» ለመጻፍ ሺፍትን ይዞ ኤስን ሁለቴ፣ ከዚያ ኢ፤ እንደገና ሺፍትን ይዞ ኤች፣ ከዚያ ኢ፤ በመጨረሻ ዋይ። ስድስት ምት ነው። «ጸሀይ» ግን በአምስት ያልቃል፤ ሺፍትም አንዴ ብቻ ነው የሚፈልገው። ልዩነቱ አንድ ምት ነው። ይህ አንድ ምት ግን በቀን መቶ ጊዜ፣ በአገር ሙሉ ጣት ሲባዛ የአጻጻፍ ልማድ ይሆናል። «ሠ»ም «ኀ»ም «ዐ»ም እየጠፉ ያሉት ማንም ይጥፉ ብሎ ስለወሰነ አይደለም። ሁለቴ የሚነኩ፣ ሩቅ ያሉ ፊደሎች ስለሆኑ ነው። ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ፣ አይቀነሱ የሚለው ክርክር የቆየ ነው፤ በሁለቱም ወገን የማከብራቸው ሰዎች አሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ውሳኔው ከምሁራኑ እጅ ወጥቶ ለቁልፉ ርቀት መተዉ ነው።

መጻፊያው መሥራቱን ለማሳየት ጋሼ ፊት «ጸሀይ ወጣች» ብዬ ጻፍኩ። ጋሼ አንድ ቃል አልተናገሩም። እጃቸውን ዘርግተው ቃሉን አጠፉና «ሁለቱን ፊደል አሳየኝ» አሉ። አሳየኋቸው። ቀስ ብለው፣ ሺፍቱን በግራ እጃቸው አውራ ጣት ተጭነው፣ «ፀሐይ» ጻፉ። ከዚያ በኋላ እኔም በአምስት ምት ጽፌ አላውቅም።

*

ሁለት የቃል መለያ ነጥቦችን ጎን ለጎን ደርድሮ «፡፡» ማለትና አራት ነጥብ «።» መጻፍ ለዓይን አንድ ነው፤ ለማሽን ግን ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው ሁለት ቁምፊ፣ ሁለተኛው አንድ።  ዓረፍተ ነገር የሚቆጥር ፕሮግራም ማብቂያውን አያገኘውም። በጋዜጣም በመጽሐፍም በመንግሥት ደብዳቤም አየዋለሁ። በአይባስ ላይ ሁለት ነጥቡን ደጋግሞ መንካት ራሱ እውነተኛውን አራት ነጥብ ይሰጣል። ሰው ሳያስበው ትክክል እንዲጽፍ የሚያደርግ መሣሪያ ማለት ይህ ነው።

*

ጋሼ በፍላሽ ያመጧቸው የድሮ ጽሑፎች ሲከፈቱ የላቲን ፊደልና ምልክት ተደባልቆ ወጣ። ከዩኒኮድ በፊት በነበረ ፎንት የተጻፉ ናቸው። እነዚያ ፎንቶች በእንግሊዝኛው «ኤ» ቦታ ላይ የአማርኛ ፊደል ሥዕል ያስቀምጡ ነበር፤ ፋይሉ ውስጥ ያለው ግን ያው «ኤ» ነው። ፎንቱ ከጠፋ አማርኛው አብሮ ይጠፋል። ፊደላችን በዩኒኮድ የራሱን ቦታ ያገኘው በ1999 (እ.ኤ.አ.) በ3.0 እትም ነው። ከዚያ ወዲህ «ሰ» የትም ቢሄድ «ሰ» ነው።

ከዚያም በፊት ኢንጂነር አያና ብሩ ለጽሕፈት መኪና ይህንኑ ጥያቄ ተጋፍጠዋል፤ ይህን ሁሉ ፊደል በጥቂት ቁልፍ እንዴት? በአማርኛ የጽሕፈት መኪና ላይ መልሱ ፊደሉን ቆራርጦ ቅጥያውን ለብቻ መምታት ነበር። የድሮ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ የ«ሉ» ቅጥያ ከ«ለ» ትንሽ ራቅ ብላ የምትታየው ለዚህ ነው። ስ እና ኢ ተጋጥመው «ሰ» ሲሆኑ ባየሁ ቁጥር ያ መኪና ትዝ ይለኛል።

*

ዴስክቶፑ ሳይነሣ ቀርቶ ጥቁሩ ስክሪን ብቻ በቀረበት ጊዜ እንኳ ፊደላችን ሙሉ በሙሉ አልተተወም። ያ ስክሪን በአንድ ጊዜ ቢበዛ 512 ቁምፊ ብቻ ነው የሚይዘው። ዴቢያን የሚባለው ሊኑክስ ለዚያ ጠባብ ቦታ ከሚያቀርባቸው ፎንቶች መካከል «ጎሃ» የሚባል የኢትዮጵያ ፎንት አለ። ማን፣ በስንት ሌሊት፣ እያንዳንዷን ነጥብ እየቆጠረ እንደሣላት አስባለሁ።

ተርሚናሉ ውስጥ ግን ገና ሥራ አለ። ለእያንዳንዱ ፊደል የሚሰጠው ለላቲን የተለካ አንድ ጠባብ ሳጥን ስለሆነ «ጨ» እና «ጪ» ጎረቤቶቻቸው ላይ ይወጣሉ።

*

ትግርኛን ስጨምር በአማርኛው መጻፊያ ልወጣው አስቤ ነበር። አይሆንም። አማርኛ ተናጋሪ «አ» እና «ኣ»ን አንድ አድርጎ ያነባል፤ ለትግርኛ ሁለት የተለያዩ ድምፆች ናቸው። ስለዚህ ያው የኤ ቁልፍ በአንዱ ቋንቋ «አ»፣ በሌላው «ኣ» መስጠት አለበት። «ፊደላችን አንድ ነው» ብለን የምናልፈው ነገር ጣት ላይ ሲደርስ አንድ አይደለም።

በተራው የሊኑክስ ሥርዓት በአንድ ጊዜ የሚሰለፉት ሰሌዳዎች ከአራት አይበልጡም። ለብዙ አገር ይህ ይተርፋል። እዚህ አማርኛ፣ ትግርኛ፣ በቁቤ የሚጻፈው ኦሮምኛ፣ ሲዳምኛ፣ እንግሊዝኛ የሚፈራረቁበት የጽሕፈት ሱቅ ሞልቷል። ደግነቱ ቁቤና የሲዳምኛው ላቲን በእንግሊዝኛው ሰሌዳ ይጻፋሉ፤ ግዕዙ ደግሞ ሰሌዳ ሳይሆን መጻፊያ ስለሆነ ከአራቱ ቁጥር ውጭ ነው። ሁሉም ይገባል፤ አደራደሩን ማወቅ ብቻ ነው።

*

በሊኑክስ ውስጥ ግዕዝን በሀለሐመ ሳይሆን በአበገደ ተራ የሚደረድር የቋንቋ ቅንብር አለ። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው መነጽራቸውን አወለቁ። «ይሄን ያህል ያሰበልን ሰው አለ?» አሉ።

ቅዳሜ ዕለት ልጎበኛቸው ሄድኩ። አራት ምዕራፍ ጀምረዋል፤ ፎልደሮቹን በኖሩባቸው ቦታዎች ሰይመዋቸዋል። ማሽኑ ልደታ፣ መቀሌ፣ ወሎ፣ ዓድዋ ብሎ ደርድሯቸዋል። ጋሼ ወደ መጨረሻው ጠቆሙ። «በአልፋው አ ጽፌው ቢሆን ከወሎ በፊት ይገባ ነበር» አሉኝ፤ «በዐይኑ ስለጻፍኩት ቦታውን አገኘ።» ከዚያ ካፕስ ሎክን ነክተው መቀሌ ላለ ተማሪያቸው የጀመሩትን ደብዳቤ ቀጠሉ።