ምርቃት የለመደ

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ባሉ ቀበሌዎች እየዞርሁ ዝሆኔ እግራቸውን የያዘባቸውን ሰዎችና ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን እደግፍ ነበር። ሥራውን ተውሁት። ለምን ብሎ ለጠየቀኝ ሁሉ እንደ ሰዉ ሁኔታ ምክንያት ስሰጥ ቆይቻለሁ፤ ለቤተሰቤ ደመወዙ አነሰኝ፣ ለባልደረቦቼ ከ2015 ክረምት ወዲህ መንገዱ አስጊ ሆነ። ሁለቱም እውነት ናቸው። ግን ሁለቱ ባይኖሩም እተወው ነበር። ዛሬ የምናዘዘው ይህንኑ ነው።

ዝሆኔን አገራችን ያውቀዋል። በቀዩ አፈር ላይ በባዶ እግር ሲያርስና ሲያርም የኖረ ሰው፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው የዚህ አፈር ጥቃቅን ብናኝ በእግሩ ቆዳ ይገባና ፈሳሽ የሚመላለስባቸውን ሥሮች ይጎዳል። እግሩ ያብጣል፣ ይጠጥራል፣ ይሰነጠቃል፤ ሲነሳበትም በትኩሳት ይጥለዋል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እንዲያም ሆኖ የበሽተኛ ቤት ልጅ ለጋብቻ አትጠየቅም። ደምበጫን የጨመረ ጥናት በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው መቶ ሰዎች ከ3 በላይ የሚሆኑት እንዳለባቸው አሳይቷል። በየዕድሩና በየሰንበቴው ይኖራሉ ማለት ነው፤ ብዙዎቹ ግን የእግራቸውን ጠረን አፍረው ከሰንበቴው ይቀራሉ።

አንዲት እናት ነበሩ። መደቡ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ሣህኑ ውስጥ ያስገባሉ፤ በሳሙና አጥባለሁ፣ ጥቂት በረኪና ጠብ ባለበት ውሃ እዘፈዝፋለሁ፣ በጣቶቻቸው መካከል ያለውን ስንጥቅ በንጹሕ ጨርቅ አደርቃለሁ፣ ቫዝሊን እቀባለሁ። ውሃው ቀይ ሆኖ ሲደፋ እማማ ራሴን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «እግርህን እንቅፋት አይምታው፣ ልጄ» ይሉኛል። ገበያ ላይ የሚሸጥ ጫማ ከማይገባላቸው ሰው ይህን መቀበል ምን እንደሚያደርግ ያልተመረቀ አያውቀውም። ወደ ከተማ ስመለስ መንገዱ አይታወቀኝም ነበር።

ከዚያ ማዶ ደግሞ ዓይናቸው የጠፋ አንድ አረጋዊ ነበሩ። አይመርቁም፤ ደህና ዋልህ አይሉም። ምግባቸውን ሳቀርብ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይበላሉ። አንድ ቀን ብቻ፣ «ነገ የማትመጣ ከሆነ ዛሬ ባትመጣስ?» አሉኝ። ክረምት ሲገባ ጭቃውን ሰበብ አድርጌ እሳቸው ዘንድ መሄድ አሳነስሁ። እማማ ዘንድ የሚወስደው መንገድ ግን ከዚያ የባሰ ጭቃ ነበረው፤ እዚያ መሄዴን አልተውሁም።

የከፋው ሌላ ነው። እማማ አብራቸው የምትኖር የልጅ ልጅ ነበረቻቸው፤ ሣህኑን የምታቀርብ፣ ውሃውን የምትደፋ ፈጣን ልጅ። ላስተምራት ይገባኝ ነበር። ለዝሆኔ የሚደረገው እንክብካቤ ከቤት የማይወጣ ነገር ነው፦ ውሃ፣ ሳሙና፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ። በአጎራባቹ ምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ ይህንኑ ተምረውና ዕቃው ቀርቦላቸው በየቤታቸው የሚያደርጉ ሰዎች በሽታው የሚነሳባቸው ጊዜ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። ይህን በሥልጠና ላይ ሰምቼዋለሁ፤ ለሌሎችም አስረድቻለሁ። ልጅቷን ግን «ገና ናት» እያልሁ አቆየኋት። ሣህኑ አጠገብ እሷ ብትቀመጥ ምርቃቱ ወደ እሷ ይሄድ ነበርና። ይህን በቃል ለራሴ ብዬው አላውቅም፤ እጄ ግን ያውቀው ነበር።

የተረታሁትም በዚያው ነው። እማማ «ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር?» ባሉኝ ቁጥር መጀመሪያ ደስ ይለኝ የነበረው ኋላ ሌሊት እንቅልፍ ይነሳኝ ጀመር። ያለእኔ እንዳይሆንላቸው ያደረግሁት እኔው ነኝ፤ ሸክሙ ሲከብደኝ ደግሞ ሸሸሁ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞችና ለአረጋውያን እንክብካቤ እንዲያደርግ ያዛል። መንደር ውስጥ ሲደረስ ግን ይህ ሁሉ ቦርሳ በያዘ አንድ ሰው ትከሻ ላይ ያርፋል። ይህን የምለው ጥፋቴን ለማቅለል አይደለም፤ የሚተካኝም ይኸው እንደሚገጥመው ስለማውቅ ነው።

አሁን ቡሬ አንድ ፋብሪካ መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ። በመልቀቄ አልጸጸትም፤ ደክሞኝ ነበር፣ የደከመ ሰው ደግሞ የሰው ቁስል በወጉ አያጥብም። የሚቆጨኝ ልጅቷ ሳትማር መሄዴና የዚያ አረጋዊ ጥያቄ መልስ አለማግኘቱ ነው።

በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ከየቤቱ አንድ ሰው ሣህኑ አጠገብ አስቀምጡ፤ እናንተ ዞር በሉና እሱ ይጠብ፣ ምርቃቱንም እሱ ይቀበል። የማይመርቋችሁንም ሰዎች አስቀድማችሁ ጎብኙ።