ማስቲካ፣ እርጎ እና የውጭ ካፕሱል

ስለ ካንሰር ስናወራ የምናወራው ስለ ምርመራው፣ ስለ ወረፋውና ስለ ኦፕራሲዮኑ ነው። «ዕጢው ወጥቶለታል፣ ተመስገን» ይባልና ስልኩ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ስላሉት አምስትና ስድስት ቀናት የሚያወራ የለም። የአንጀት ካንሰር ኦፕራሲዮን ላደረገ ሰው ግን እነዚያ ቀናት ራሳቸውን የቻሉ ፈተና ናቸው።

አጎቴ የትልቁ አንጀት ኦፕራሲዮን ሲደረግለት ካስታመሙት አንዱ እኔ ነበርኩ። ሐኪሙ በየማለዳው እየመጣ «ጋዝ ወጥቷል?» ይለዋል። አጎቴ ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ አክስቶቼ ባሉበት ይህን ሲጠየቅ ጋቢውን እስከ አገጩ ስቦ ወደ ግድግዳው ይዞራል። ተቆርጦ የተሰፋ አንጀት ሥራ መጀመሩን ከሚናገሩት ምልክቶች አንዱ ግን ይኸው የምናፍርበት ነገር ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንጀት ሲነካካ፣ ሲቆረጥና ሲሰፋ እንቅስቃሴውን ያቆማል። እንደ ሞርፊን ያሉ ጠንካራ ማስታገሻዎችም ያዘገዩታል። ትንሹ አንጀት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን ውስጥ ይነቃል፤ ትልቁ ግን ከ2 እስከ 3 ቀን ይፈልጋል። ከዚያ ሲዘገይ ሆድ ይነፋል፣ ያስመልሳል፣ የአልጋው ቀን ይረዝማል፣ ወጪውም ይከተላል። ኬሞቴራፒ ለሚጠብቀው ሰው ደግሞ እያንዳንዱ ቀን ዋጋ አለው፤ ሕክምናው የሚቀጥለው መብላት ሲችልና ሲያገግም ነው።

በሦስተኛው ቀን የአጎቴ ሆድ ዝም ሲል መፍትሔው ከየአቅጣጫው መጣ። አንዷ አክስቴ በወይራ በታጠነ ቅል እርጎ ይዛ መጣች። አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ ደውላ «ፕሮባዮቲክ ግዙለት» አለች። ፋርማሲ ጠየቅን፤ የአንዱ ጠርሙስ ዋጋ የአስታማሚን የሳምንት ወጪ ይሸፍናል። የጋዜጠኛ ነገር ሆኖብኝ፣ ብሩ ከመውጣቱ በፊት ማንበብና ሐኪሞችን መጠየቅ ያዝኩ።

ፕሮባዮቲክ ማለት በበቂ መጠን ሲወሰዱ ለጤና ይጠቅማሉ የሚባሉ ሕያዋን ተሕዋስያን ናቸው፤ ላክቶባሲለስና ቢፊዶባክቴሪየም በብዛት የሚታወቁት ናቸው። ሐሳቡ ከንቱ አይደለም። ከኦፕራሲዮን በፊት የሚደረገው የአንጀት ማጽዳትና አንቲባዮቲኩ ጠቃሚዎቹንም ባክቴሪያዎች ይጠርጋል። በአንጀት ካንሰር ሕሙማን ላይ ብዙ ሙከራዎች ተደርገዋል፤ አያሌዎቹ ቻይና ውስጥ ናቸው። ኢንፌክሽን እንደቀነሰ፣ ጋዝም ትንሽ ቀደም ብሎ እንደወጣ የሚናገሩ አሉ። ችግሩ የባክቴሪያው ዓይነት፣ መጠኑና የተወሰደበት ጊዜ ከጥናት ጥናት ይለያያል። የአንዱ ውጤት ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ ላለው ለሌላው ጠርሙስ ምስክር አይሆንም።

«ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለውም መጠንቀቅ ይፈልጋል። ኔዘርላንድስ ውስጥ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ጥናት፣ ከባድ የጣፊያ ሳይሆን የቆሽት ብግነት የያዛቸው ሰዎች ፕሮባዮቲክ ተሰጣቸው። ከ152ቱ 24 ሞቱ፤ ማስመሰያ ከተሰጣቸው 144 ሰዎች የሞቱት 9 ነበሩ። በሽታው ሌላ ነው፤ ለአንጀት ካንሰር በቀጥታ አይገለበጥም። ግን በጠና ለታመመ ሰው ሕያው ባክቴሪያ ሲሰጥ ሐኪሙ ማወቅ እንዳለበት ያስተምራል። ካልተፈላ ወተት የተሠራ እርጎም ጠቃሚውን ብቻ ሳይሆን እንደ ብሩሴላ ያሉ ጎጂዎችንም ሊይዝ ይችላል። ኬሞ ላይ ላለ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ታዲያ አንጀትን ምን ይቀሰቅሰዋል? ሄንሪክ ኬለት የሚባል የዴንማርክ ቀዶ ሐኪም በ1990ዎቹ ይህን ጥያቄ ይዞ ተነሣ። ሕመምተኛውን ቶሎ ማስነሣት፣ ቶሎ ማብላት፣ የአፍንጫ ቱቦን ያለምክንያት አለማቆየት፣ ሕመሙን በሞርፊን ብቻ ሳይሆን በሌሎች መንገዶችም ማስታገስ። እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ውጤት፣ የአንጀት ኦፕራሲዮን ካደረጉ 60 ሰዎች ቢያንስ ግማሾቹ በ2 ቀን ውስጥ ወደ ቤታቸው ሄደዋል። ማስቲካ ማኘክም ሆድን ምግብ የመጣ አስመስሎ ይቀሰቅሳል ተብሎ ብዙ ተጠንቷል፤ ማስረጃው ጠንካራ ባይሆንም ዋጋው ሳንቲም ነው።

እኛ ግን በሦስት ቀን ውስጥ «አራምዱት» ያለን አልነበረም። ጠያቂው ሁሉ አልጋውን ከቦ «ተወው ይተኛ፣ ስፌቱ ይፈታል» ይላል። በመጨረሻ የነገረችን የሌሊት ተረኛ ነርስ ናት። ሐኪሙ ስለ ካፕሱሉ ስንጠይቀው «ብራችሁን ለምግብ አቆዩት» አለን። አጎቴ ትከሻዬን ይዞ ኮሪደሩን ተመላለሰ፤ በአራተኛው ሌሊት ሆዱ ተከፈተ። መራመዱ ብቻ ነው ያመጣው አልልም፤ ጊዜውም ደርሶ ይሆናል።

የምለው ይህን ነው። ለካፕሱል የሚዋጣ ዘመድ ሞልቶናል፤ ሕመምተኛውን ደግፎ ኮሪደር ለኮሪደር የሚያራምድ ግን ያንሳል። ቤተሰብ ሐኪሙን ይጠይቅ፦ መቼ ይነሣ? መቼ ይብላ? ማስቲካ ይፈቀዳል? ሆዱ ከተነፋ፣ ካስመለሰው ወይም ትኩሳት ከመጣ ሳይውል ሳያድር ይነገር። ሆስፒታሎቻችን ደግሞ ይህን ሁሉ በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን በአንድ ገጽ ጽፈው በየዋርዱ ግድግዳ ይለጥፉልን። ለዚህ የውጭ ምንዛሪ አያስፈልግም።