ከሰል ሲቀላ ጭሱ ያልቃል፤ መርዙ ግን አያልቅም



ጓሳን በፎቶ የምታውቁት ብዙ ናችሁ። ጭላዳው፣ ቀይ ቀበሮው፣ ጅብራው፣ በነፋስ የሚተኛው ረጅም ሣር። ፎቶው የማያሳየው ብርዱን ነው። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። በበጋ ወራት ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርድና ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ተጋግሮ ታገኙታላችሁ። እኔ ያደግኩት ሸዋ ሮቢት ነው፤ ሙቀቱ ሲብስ ደጅ ላይ ምንጣፍ አንጥፈን የምንተኛበት አገር። ለሥራ ወደ መንዝ ተመድቤ መሐል ሜዳ ሁለት ዓመት ስቀመጥ ግን ሱብሒ ላይ ውዱእ ማድረግ ምን ማለት እንደሆነ ገና አሁን ገባኝ አልኩ። የባልዲው ውኃ ላይ ስስ በረዶ ሰብሬ የታጠብኩበት ቀን አለ።

ታዲያ ሰው እዚያ እንዴት ይተኛል? መንዜዎች የሚያሞቁት ቤቱን ሳይሆን ገላቸውን ነው። በጉ የታወቀ፣ ሱፉም የታወቀ ነው፤ ባናው፣ ዝተቱ፣ በርኖሱ ከዚያ ይወጣል። ያከራዩኝ እማማ አንድ ባና አውሰውኝ ነበር፤ ክብደቱ ሰው የተጫናችሁ ያህል ነው፣ ሙቀቱ ግን ወላሂ ከማንኛውም ብርድ ልብስ ይበልጣል። እሳቱ በዋናነት ለምግብ ነው፤ ሙቀቱ ትርፍ ነው።

እማማ የሚተኙት ግቢው ውስጥ ባለው አሮጌ የሣር ቤት ነበር። ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣራው የጓሳ ሣር። ያንን ሣር ጥንት ማንም እንደፈለገ አያጭደውም ነበር። መንዞች የቄሮ ሥርዓት የሚሉት ነበራቸው (ከዜና የምታውቁት ቄሮ አይደለም)፤ ጓሳን ለዓመታት ዘግተው ያቆዩና በስምምነት ከፍተው ሣሩንም የማገዶ ቁጥቋጦውንም በድርሻ ይወስዳሉ። አጀማመሩ ወደ 400 ዓመት ይጠጋል ይባላል። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ተዳከመ፤ ዛሬ ቦታው ማኅበረሰቡ የሚጠብቀው ጥብቅ ሥፍራ ነው። ማገዶው የተቆጠበ ስለሆነ የአብዛኛው ቤት እሳት ኩበት ነው። በበጋ ይጠፈጠፋል፣ ይደርቃል፣ ይከመራል፤ ክረምቱን ሙሉ ያ ክምር ነው የሚነደው።

ስለ እሳት ማጽዳት ሳስብ ከእማማ ጋር አብራ የምትመጣብኝ እህቴ ናት። ሰሜን ጣሊያን ውስጥ አንዲት አሮጊት እየጦረች ትኖራለች። በክረምት ጠዋት የምትልክልኝ የድምፅ መልእክት ሁልጊዜ በመጥረጊያ ማሽን ጩኸት ይጀምራል፤ ስቱፋውን እያጸዳች ነው። ስቱፋ የሚሉት ሳሎን መሐል የቆመ የብረት ማሞቂያ ነው። የሚነደው ፔሌት የሚባል ነገር ነው፤ ሰጋቱራ በኃይል ተጨምቆ እንደ እርሳስ የቀጠነ፣ ስድስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ፍልጥ ይሆናል። ሙጫ የለውም፤ እንጨቱ ሲጨመቅና ሲሞቅ በራሱ ይጣበቃል። (ሰጋቱራ የምንለው ቃል ራሱ ከጣሊያን የመጣ ነው፤ እኛ ቃሉን ወሰድን፣ እነሱ ነገሩን አሞቁበት።) አሥራ አምስት ኪሎ ከረጢቱን ከላይ ታፈሳለች፤ በኤሌክትሪክ የሚዞር ጠመዝማዛ ብረት ጥቂት ጥቂት እያደረገ ወደ ማንደጃው ያወርደዋል፤ ማራገቢያ አየር ይነፋበታል፤ ጭሱ በቱቦ ወደ ውጭ ይወጣል።

ይህን ለእማማ ሳስረዳቸው ካዳመጡኝ በኋላ፣ "ታዲያ ይኼ ኩበት አይደለም እንዴ?" አሉኝ።

አሰብኩበት። እውነታቸውን ነው። ተረፈ ነገርን ጨምቆ፣ አድርቆ፣ መጠኑን አስተካክሎ ማንደድ።

"መብራት ሲጠፋስ?" አሉ ደግሞ።

"አብሮ ይጠፋል፣ እማማ።"

ሳቃቸው እስከ ጎረቤት ተሰማ።

ልዩነቱ አመዱ ላይ ነው። ጥሩ ፔሌት መቶ ኪሎ ቢነድ የሚተርፈው አመድ አንድ ኪሎ አይሞላም። ኩበት ግን ከውስጡ አፈርም አለ፣ አመዱ ብዙ ነው። ሆኖም ያ ትንሽ አመድ እንኳ ስቱፋውን ያንቀዋል። እህቴ በየቀኑ የማንደጃውን ጎድጓዳ አውጥታ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ትከፍታለች። ቀዳዳ ሲደፈን አየር አይገባም፤ አየር ሲያጥር እሳቱ ቢጫና ሰነፍ ይሆናል፣ መስታወቱ ይጠቁራል፣ ጥቀርሻ ቱቦው ውስጥ ይጋገራል። መስታወቱ ሲጠቁር እህቴ አየር እንዳጠረ ታውቃለች። እርጥብ ጋዜጣ አመድ አስነክታ ትወለውለዋለች፤ ከሚሸጠው ፈሳሽ ይሻላል ትላለች። የአመድ መሳቢያውን በሳምንት ታወጣለች። ቱቦውን ግን እሷ አትነካውም፤ በዓመት አንዴ ባለሙያ መጥቶ ይጠርገዋል፣ ማሰሪያዎቹ ጭስ እንዳያሾልኩ ያያል።

እጅግ የምትጠነቀቀው አመዱን ስታወጣ ነው። እሳቱ ከጠፋ ሰዓታት አልፈው፣ በእጅ ሲነካ የቀዘቀዘውን አመድ እንኳ ክዳን ባለው የብረት ባልዲ እንጂ በፌስታል አትጥለውም። አመድ ፍምን ደብቆ ሊያሳድር ስለሚችል ነው። መንዝ ውስጥ ይህ የታወቀ ጥበብ ነው፤ እማማ ማታ ማታ ፍሙን በአመድ ያዳፍኑታል፣ ጠዋት ገለጥ ሲያደርጉት ቀልቶ ይጠብቃቸዋል፤ ክብሪት የማይገዛበት ቤት ነው። በላዩ ደግሞ ማንቆርቆሪያ ጥደው ያድራሉ። "ለስግደትህ ነው፣ ልጄ፤ በዚያ በረዶ አትታጠብ" ይሉኝ ነበር። እሳቸው ጾማቸውን፣ እኔ ሶላቴን፤ ማንቆርቆሪያው ግን የጋራችን ነበር። አላህ በጎውን ይመንዳቸው።

የተዳፈነ ፍም እንዴት እማማን ሳይጎዳ አደረ? እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የሣር ቤቱ ይተነፍሳል። ጣራው ወፍራም ቢመስልም ጭሱ በሣሩ መካከል እየሾለከ ይወጣል፤ በሩና ግድግዳውም ክፍተት አላቸው። ይህን ስል ቤቱን ጤናማ ማለቴ አይደለም። ጭሱ ዓይን ያፈርጣል፣ የእማማን ሳልም ሰምቼዋለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት እንደሞተ ይገምታል፤ ጭሱን ከሚተነፍሱት ቀዳሚዎቹ ምድጃ አጠገብ የሚውሉት እናቶችና ሕፃናት ናቸው። ቤቱ በዝግታ ይጎዳል እንጂ በአንድ ሌሊት አይጨርስም። እኛ የተከራየናቸው አዳዲስ ክፍሎች ግን ሌላ ናቸው። ቆርቆሮ ጣራ፣ ኮርኒስ፣ ግድግዳው በሲሚንቶ የተለሰነ፣ መስኮቱ ብርድ እንዳያስገባ በላስቲክ የታሸገ። የሣሩን ቤት ልማድ ወደዚህ ክፍል ማስገባት ነው ሰው የሚገድለው።

በጥር ወር ለመንገድ ሥራ የመጡ ሁለት ልጆች ከጎኔ ያለውን ክፍል ተከራዩ። ከቆላ የመጡ ናቸው፣ እንደ እኔ። አንድ ማታ ከሰል ደጅ ላይ አያያዙ፤ ጭሱ እስኪያልቅ ጠበቁ፤ ፍሙ ቀይ ሆኖ አመድ ሲለብስ አስገቡት። ሰው ሁሉ የሚመክረውን ነው ያደረጉት። በሩን ዘጉ፣ ከሥሩ ጨርቅ ወተፉ።

ሱብሒ ላይ ከእማማ ቤት ሙቅ ውኃ ይዤ ስመለስ ከክፍላቸው አንድ ዕቃ ሲወድቅ ሰማሁ፤ ቀጥሎ ማቃሰት። በሩን ብጠራም መልስ የለም። በትከሻዬ ገፋሁት፤ ጨርቁ ይዞት ነበር። አንዱ በሩ ሥር ወድቋል፣ ሊወጣ ሞክሮ ጉልበቱ ከድቶታል። ሁለተኛው ፍራሹ ላይ ነው፣ ቢነቀንቁት አይነቃም። በክፍሉ ውስጥ የጭስ ሽታ አልነበረም። ይህን አልረሳውም፤ አየሩ ንጹሕ ይመስል ነበር። ትንፋሼን ይዤ አንድ በአንድ እየጎተትኩ ውርጩ ላይ አወጣኋቸው። እማማ ጮኹ፣ ጎረቤት ወጣ፣ በባጃጅ ሐኪም ቤት ደረሱ፤ ኦክስጅን ተደረገላቸው። ሁለቱም ተረፉ፣ አልሐምዱሊላህ። ያ ፍራሽ ላይ የነበረው ግን ለሳምንታት ራሱን ያመው ነበር፤ የጓደኞቹን ስም እየረሳ ይናደድ ነበር።

የጎዳቸው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም። ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ይወጣል፤ ቀይ ፍምም አብዝቶ ያወጣዋል። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ይይዘዋል። ኦክስጅን ቦታ ያጣል፤ ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል። መንዝን በመሰለ ከፍታ ደግሞ በአየሩ ያለው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፍ በሲሶ ገደማ ያነሰ ነው፤ መነሻው ራሱ ጎደሎ ነው። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት ነው፤ ለተኛ ሰው ግን ምልክት የለውም።

ማታ ከመተኛት በፊት እሳትን ስለማጥፋት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ያዘዙበት ሐዲስ በቡኻሪም በሙስሊምም ተዘግቧል። መዲና ውስጥ አንድ ቤት ሌሊት በነዋሪዎቹ ላይ ተቃጥሎ ዜናው ሲደርሳቸው እሳት ጠላታችን መሆኑን አስታውሰው፣ ስንተኛ እንድናጠፋው አዘዙ። ኢማሙ ነወዊ ሲያብራሩ ምክንያቱ አደጋው እንደሆነ፣ አደጋ የማይፈራበት የተሰቀለ ፋኖስ ቢሆን ችግር እንደማይኖረው ይጠቅሳሉ። እኔ ዓሊም አይደለሁም፤ ፈትዋ አልሰጥም። ግን በተለሰነ ክፍል ውስጥ ያለ ፍም "አደጋ የማይፈራበት" ነው ብሎ የሚከራከር ሰው ካለ፣ ያንን ሱብሒ አላየም።

"ደብረ ብርሃን ነው የምንኖረው፣ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ይህ የገጠር ነገር ነው" የምትሉ ትኖራላችሁ። በተቃራኒው ነው። የታሸገው ክፍል ያለው ከተማ ነው። ክረምት ላይ መብራት ሲጠፋ ከሰሉ ከበረንዳ ወደ ሳሎን ይገባል፤ ቡና ሲያልቅ እዚያው ይቀራል፤ ሰው ይተኛል።

ከሰል የምትጠቀሙ ከሆነ ምድጃውን ተንከባከቡት። ከውጭ ቆርቆሮ ከውስጥ ሸክላ የሆነው ላቀች ከተራው የብረት ምድጃ ያነሰ ከሰል ይበላል፤ ግን የሸክላው ቀዳዳዎች በአመድና በከሰል ስብርባሪ ሲደፈኑ እንደ እህቴ ስቱፋ ይታፈናል። ቀዝቅዞ ሳለ በቀጭን እንጨት ክፈቷቸው፤ በመዶሻ አትምቱት። ትኩስ ሸክላ ላይ ውኃ አትድፉ፣ ይሰነጠቃል። የታችኛውን አመድ በየቀኑ አውጡ፤ በረንዳ ላይ በካርቶን አታስቀምጡት። እርጥብ ከሰልም አትግዙ። የጸዳ ምድጃ ማገዶ ይቆጥባል፣ መርዙንም ይቀንሳል፤ አያጠፋውም ግን። ጭሱን ወደ ውጭ የሚያወጣ ቱቦ የሌለው እሳት፣ የቱንም ያህል ቢጸዳ፣ የመኝታ ክፍል ዕቃ አይደለም። በር ገርበብ ማድረግም አይበቃም፤ ሌሊት ሲበርዳችሁ በእንቅልፍ ልባችሁ ትዘጉታላችሁና።

ሰው ተዝለፍልፎ ብታገኙ መጀመሪያ በሩን በርግዱ፣ ሰውየውን ወደ ውጭ አውጡ፣ ከዚያ ሐኪም ቤት። ወተት ማጠጣት፣ ሎሚ ማሽተት ጊዜ ማባከን ነው፤ ራሱን የሳተ ሰው ወተት ቢጠጣ ሊታነቅ ይችላል። "ነቃሁ፣ ደህና ነኝ" ቢላችሁም ውሰዱት።

እማማ ከዚያ ቀን በኋላ አናጢ ጠርተው በየተከራዩ ክፍል ከኮርኒሱ ሥርና ከበሩ ግርጌ ቀዳዳ አስከፈቱ። ተከራዮቹ ብርድ ገባብን ብለው አጉረመረሙ። ለሁለቱ ልጆች ከሳጥናቸው ሁለት ባና አወጡላቸው፤ ከሰሉን ግን ከደጅ እንዳያሳልፉ በራሳቸው ቋንቋ፣ በመንዜ ቁጣ ነገሯቸው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ የአራስ ቤት። ሕፃኑ እንዳይበርደው ተብሎ በተዘጋ ክፍል ከሰል ይቀመጣል፣ ጭሳጭስ ይጨመርበታል፣ ጠያቂ ይሞላል። እናቲቱ ደክማለች፣ ሕፃኑ "ራሴን አመመኝ" አይልም። እህቶች፣ ልትጠይቁ ስትገቡ ምድጃውን ካያችሁ በትሕትና አንስታችሁ ደጅ አውጡት። አክስቶች ቢቆጡ ቡናውን ውጭ እናፍላው በሏቸው።