ጎጆ ያልነው ሁሉ

ወረቀቱ ላይ «የሣር ጎጆ፣ ብዛት 2» ይላል። እናቴ አልፈርምም አለች።

መንገድ በመንደራችን ሊያልፍ ሆኖ ካሳ ገማቾች ጎጃም ገጠር ወዳለው ግቢያችን የመጡ ዕለት ነው። ወረቀቱን ያነበብኩላት እኔ ነኝ። «አንዱ ጎጆ ነው፤ ሌላው ግን ሰቀላ ነው» አለች። ወጣቱ ገማች በትሕትና «እማማ፣ ሁለቱም ያው የሣር ክዳን አይደሉም?» ቢላት፣ «ጎጆውንማ የተጋባን ሰሞን ቀለስነው። ለሰቀላው ግን አባቱ ስንት በጋ የጽድ ቋሚ በትከሻው ሲያመላልስ ኖሯል!» ብላ ቱግ አለች።

እውነቷን ነው። ጎጆ ክብ ነው፤ ጣሪያው ከዙሪያው ተሰብስቦ አንድ ጉልላት ላይ ያርፋል። ሰቀላ ባለ አራት ማዕዘን ሆኖ ጣሪያው በሁለት ጎን ይወርዳል። አማርኛችን ግሱን እንኳ ለይቶ ነው የሚሰጠው፦ ዳስ ይጣላል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ጎጆ ይቀለሳል፣ ግንብ ይገነባል። «ጎጆ ወጣ» የሚባለውም ኑሮን ገና ለጀመረ ሰው ነው። እንግዲህ የአባቴን ሰቀላ ጎጆ ማለት፣ ሰውየው ከሠርጉ ማግስት ወዲህ ፈቀቅ አላለም እንደማለት ሆነባት።

እኔም ብሆን ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም፣ አንባቢዬ። ቀደም ሲል ለአንድ መጽሔት ከፎቶግራፎች ሥር የሚገባ ጽሑፍ ሳዘጋጅ ሁሉንም «ጎጆ» ብዬ አልፌያለሁ፤ የትግራይን ሕድሞ ሳይቀር! ሕድሞ ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣሪያው ጠፍጣፋና አፈር የለበሰ ነው፤ ጉልላት ከየት ይምጣለት? የዶርዜው ደግሞ ከቀርከሃ እንደ ቅርጫት ተጎንጉኖ የሚቆም ረጅም ቤት ነው። ምስጥ እግሩን በበላው ቁጥር እያጠረ ይሄዳል፤ ሲያስፈልግም ሰዎች ተሸክመው ቦታ ይለውጡታል። የትኛው ጎጆ ነው እንዲህ የሚጓዘው? «ቱኩል»ንስ ቢሆን ከፈረንጅ አፍ ተቀብለን የሆቴል በር ላይ አልለጠፍነውም? እናቴ ቃሉን መጀመሪያ ስትሰማ የምግብ ስም መስሏት ነበር።

ገማቹ 2ን ሰርዞ 1 አደረገው። ለሰቀላ የሚሆን መደብ ግን ቅጹ ላይ የለም። ብዕሩን ጥቂት አንከራተተና «ልዩ ልዩ» ከሚለው ሥር 1 ጻፈ።

«አሁንስ ምን ይላል?» አለችኝ፣ አውራ ጣቷን ቀለም እንዳስነካች።

«ሰቀላ» አልኳት።